አራተኛው ሩብ

ባለፈው ሰሞን ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ገባሁ። ወድጄ አይደለም፤ ዝናብ አባሮ አስገባኝ እንጂ እኔ እንደዚያ ያለ ቤት ደጃፉንም አልረግጥ። ወንበሩ ከመርዘሙ የተነሳ እግሬ መሬት አይደርስም። ለአንድ ማኪያቶ የሚያስከፍሉት ድሮ እኛ ለወር የቀበሌ ቤት ኪራይ ከምንከፍለው ይበልጣል። አስተናጋጇ ደግሞ “ፋዘር፣ ምን ይምጣልዎት?” ትለኛለች፤ የወለድኳት ይመስል። ግድግዳው ላይ ማንም የማይነካቸው መጻሕፍት ለጌጥ ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው በትልልቅ ፊደል፣ የሚያነብ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ዓለምን ይዞራል የሚል ተለጥፏል። አየሁትና ተናደድኩ። ይኼን የለጠፈው ልጅ ቁጭ ብሎ መዞር ምን እንደሆነ ያውቃል? እኔ ዞሬያለሁ። ከናዝሬት ሳላልፍ ሩሲያን፣ ሕንድን፣ ጃፓንን አዳርሻለሁ፤ ያውም ከሚስቴ ጋር፣ ካዛንቺስ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ። ምን እንዳተረፍኩበት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ብቻዬን እያጉረመረምኩ ሻዬን ሳማስል ዞር ብል፣ ጥጉ ጋ ደምሴ ተቀምጧል።

ደምሴን አታውቁትም፤ ባታውቁትም የቀረባችሁ ነገር የለም። ካዛንቺስ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ስንት ዓመት የኖርን ሰዎች ነን። ከተጣላን ወዲህ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ሰላም አልተባባልንም። መንገድ ላይ ካየሁት እሻገራለሁ፤ ለቅሶ ቤት ካየሁት እሱ ያለበት ድንኳን ውስጥ አልቀመጥም፣ ውጭ ቆሜ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብዬ እመለሳለሁ። ሰዎች “ታደሰ፣ ተው እንጂ፣ ጊዜው እኮ ሄደ” ይሉኛል። ጊዜው ይሂድ፤ እኔ አብሬው የምሄድበት ምክንያት የለኝም። ደምሴ አርጅቷል። ድሮ የቆዳ ጃኬት ያንጠለጥልበት የነበረው ትከሻ ወርዷል፣ ጸጉሩ ሳስቷል፣ ስኒውን በሁለት እጁ ነው የሚያነሳው። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲያዩት ልብ ይራራል ይላሉ። የእኔ አልራራም።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ካዛንቺስ ገብቼ ቀረሁ። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነው፣ ወይም ትንሽ ቆይቶ፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ። የማስታውሰው ዳቦ ስሙኒ እንደነበር ነው። ቦምቦሊኖ ከነስኳሩ፣ ሳምቡሳ ከነምስሩ፣ ሁለቱንም በልተህ ሻይ ጠጥተህ ከአንድ ብርህ መልስ ትቀበላለህ። ሴቶቹ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለበት ኮት ለብሰው ሲመጡ የመቶ አለቃ ይመስላሉ፤ ወንዶቹ ወገቡ እጥፍጥፍ ያለ ሰፊ ሱሪ ለብሰን ነፋስ ሲመጣ እንነፋለን። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን በራቸው ላይ አውጥተው አንዱን አዲስ ዘፈን ሁሉም አንድ ላይ ስለሚለቁት፣ ከኡራኤል ተነስተህ በእግርህ ስታዲየም እስክትደርስ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ትሰማዋለህ። ጥግ ጥጉን ይዘው ሎሚ የሚሸጡ፣ ሰዓት የሚጠግኑ፣ ላጲስና ምላጭ የሚቸረችሩ ነበሩ። አሁን ያ ሁሉ የለም። ሰፈሩ መስታወት በመስታወት ሆኖ ስታልፍ የምታየው የራስህን መልክ ብቻ ነው፤ የራሴን መልክ ደግሞ ማየት አልፈልግም። እኛን በየኮንዶሚኒየሙ በትነውን እኔ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ደርሶኛል፤ ጉልበቴ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይሰድበኛል።

መጽሐፍ የምናገኘው ከሙዘይን ነበር። ወንድሞቹ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ እሱ ከኡራኤል ወረድ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ ያከራያል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለመጽሐፍ ግን ርኅራኄ የለውም። አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንድ ሰው ጋ ሲከርም ኪሳራ ነው ብሎ፣ እንደ ዶሮ ብልት ያወጣለታል። በምላጭ ከጀርባው ሰንጥቆ ለአራት ይከፍለዋል፣ እያንዳንዱን በወስፌና በሲባጎ ይሰፋል፣ የሲሚንቶ ወረቀት ያለብሰዋል። አንዱ ቁራጭ ሩብ ይባላል። የመጀመሪያውን ሩብ የጨረሰ ወደ ሱቅ አይመልስም፤ ለሚቀጥለው ጎረቤት አሳልፎ ሁለተኛውን ይቀበላል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ሰው ሞስኮ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ሌላው ገና ከቤቱ አልወጣም። ሽፋኑ ሁሉ አንድ ዓይነት የሲሚንቶ ወረቀት ስለሆነ የትኛው ሩብ የትኛው እንደሆነ ገልጠህ ካላየህ አታውቅም። ርዕስ የለ፣ የደራሲ ስም የለ። ስንቱን አገር እንዲህ ስሙን ሳላውቅ ዞርኩት።

ባለቤቴ ጽጌ ትባላለች። መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ታይፕ ስትመታ ውላ ማታ ዓይኗ ስለሚደክም እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ልጅ አልነበረንም። ራት ከተበላ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና “ዛሬ የት ነው የምናድረው?” ትለኛለች። ሩሲያ ካልኳት በግንቦት ሙቀት ሹራቧን ትለብሳለች። የጃፓኑን ስናነብ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብላ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ጉልበቷን ሲደነዝዛት “እነዚህ ሰዎች ግን ጠንካሮች ናቸው” ትላለች። የሕንዱን መጽሐፍ ባነበብንበት ሰሞን ወጣችና ዘጠኝ ዓይነት ቅመም ሽንኩርት ላይ ጨምራ አንድ ነገር ሠራች፤ ያን ዕለት ያደርንበትን አልነግራችሁም። ደመወዛችን ተደምሮ የሁለታችንን የአውሮፕላን ቲኬት ቀርቶ ሻንጣውንም አይገዛም። ግን አንድም ቀን ቀረብን ብለን አላማረርንም። እሷ ከእኔ ጋር ነው የምትሄደው፣ በእኔ ድምፅ ነው የምትሄደው፤ ይኼ ለእኔ በቂ ነበር።

እንግዲህ ደምሴ እዚህ መሀል ነው የሚገባው። ያለፈው መንግሥት ቡልጋሪያ ልኮ አስተምሮት፣ የቆዳ ጃኬትና አንድ ባርኔጣ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ከግቢው ሰው መሀል ውጭ አገር የረገጠ እሱ ብቻ። ላጤ ስለሆነ ማታ ማታ ሥራ የለውም፤ የሙዘይንን ሩብ በአንድ ቀን ጨርሶ ለእኛ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ቢያሳልፍ ጥሩ። አፉ ግን አያርፍም። ሆዱ ውስጥ ወሬ አያድርም። ጠዋት ቧንቧው ጋ ውሃ ልቀዳ ስቆም ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ ይመጣና “ታደሰ፣ ያቺን ልጅ የገደላት ሐኪሙ አይደለም፤ እህቷ ናት” ይለኛል።

“ገና ሁለተኛው ሩብ ላይ ነኝ እኮ።”

“ታዲያ ብነግርህ ምን አለበት፣ እንዳትለፋ ብዬ ነው።”

ይኼ አይበቃውም። ማታ ሳነብ ድምፄ በግድግዳው ይሰማዋል። ጠዋት ጽጌን መስኮታችን ሥር ቆሞ “በረዶው እንደዚያ አይደለም፤ መጽሐፍ ያጋንናል። እኔ አይቼዋለሁ፣ መጀመሪያ ቀን ነው የሚያምረው፣ ከዚያ ጭቃ ነው” ይላታል። እሷም ትጠይቀዋለች። “ደምሴ፣ ባቡር ውስጥ መተኛት ይመቻል? ደምሴ፣ እውነት ፀሐይ በአሥር ሰዓት ትጠልቃለች?” እኔ አንብቤ ያመጣሁላትን አገር እሱ ጋ ወስዳ ታጣራዋለች ማለት ነው። ቀናሁ አልልም። እሺ፣ ቀናሁ። ማን አይቀናም?

ከዚያ ጽጌ ታመመች። መጀመሪያ ሆዴን አለች፣ ቀጥሎ ምግብ አስጠላት፣ ቀጥሎ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ መረመራትና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ “ለቤተሰብ ነው የምናገረው፤ ጉበቷ ነው፣ ብዙ ጊዜ የላትም” አለኝ። የእኛን አገር ወግ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም፤ ቤተሰብ ይሸከመዋል፣ ታማሚው ተስፋ እንዳይቆርጥ። ፊቴን አስተካክዬ ገባሁና “ጨጓራ ነው፣ የሚያቃጥል ነገር ተይ ብሎሻል” አልኳት። “ጨጓራ ከሆነስ ደግ” አለች። ታክሲ ውስጥ ሁሉ ስለ በርበሬ ነው ያወራነው።

በማግስቱ ተሲያት በኋላ፣ እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ የግቢውን ሰው በሩቁ የልብስ ማጠቢያው ጋ ሰብስቤ ነገርኳቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ማንም እንዳይተነፍስ ተባባልን፤ ጠያቂ ሲመጣ “ጨጓራ እኮ ይድናል” እንዲል፣ ፊቱ ላይ እንዳይታይበት። ሁሉም እሺ ሲል ደምሴ ብቻ “ልክ አይመስለኝም” አለ። “ሰው የራሱን ነገር ማወቅ አለበት። ቡልጋሪያ ለራሱ ለታማሚው ነው የሚነግሩት።” ኮሌታውን ያዝኩት። ቡልጋሪያህ ውስጥ ግባ አልኩት። የመጽሐፍ መጨረሻ ሆዱ ውስጥ ማሳደር የማይችል ሰው የሚስቴን መጨረሻ ያሳድራል ብዬ ማመን አልቻልኩም። ካልማልክ ከዚህ አትሄድም አልኩት። “ኡራኤልን፣ እኔ አልነግራትም” ብሎ ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስሄድ ልቤ ግቢው ውስጥ ነው የሚውለው፤ ያ ሰውዬ መስኮቱ ሥር ቆሞ ምን ይል ይሆን እያልኩ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረኝም። ላድናት አልችልም፤ ሳትፈራ እንድትሄድ ማድረግ ግን እችላለሁ።

የአርጀንቲናውን መጽሐፍ የጀመርነው አልጋ ከያዘች በኋላ ነው፤ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼላት ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሜዳው ከሰማይ ጋር በሚገጥምበት አገር ከብት ሲያረቡ ኖረዋል። ሴትየዋ ባሕር አይታ አታውቅም። ባልየው አንድ ቀን ከብቱን ሁሉ ሸጠና “ነይ፣ ባሕር ላሳይሽ” ብሏት ባቡር ተሳፈሩ። ጽጌ ይኼን መጽሐፍ የወደደችውን ያህል ሌላ አልወደደችም። ክንዷ ቀጭን እንጨት ሆኗል፣ ግን ማታ ሲሆን ትራሷን ቀና አድርጋ “እሺ፣ ተሳፈርን” ትላለች። ሦስተኛው ሩብ የሚያልቀው ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሴትየዋ ወይን ልትገዛ ስትወርድ ነው። “ባሕሩ ምን ያህል ቀራቸው?” አለችኝ። “አንድ ሩብ” አልኳት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አራተኛውን ሩብ ልቀበል ደምሴ ቤት ሄድኩ። ሁልጊዜ እሱ ነው አምጥቶ የሚሰጠኝ፤ ያን ቀን አልመጣም። በሩን ከፍቶ መሬት መሬት እያየ “ጠፋብኝ” አለ።

“እንዴት ነው የሚጠፋው?”

“ጠፋ በቃ። ታክሲ ውስጥ ሳልረሳው አልቀረሁም።”

“አንተ ሰውዬ፣ አልጋ ላይ ሆና ነው የምትጠብቀው። ፈልገው።”

“ፈለግኩት፣ ታደሰ። የለም።”

እየዋሸ እንደሆነ ፊቱ ላይ አነበብኩ። ሌላ ጊዜ ሳልጠይቀው መጨረሻውን የሚዘረግፈው ሰውዬ፣ “ታዲያ ምን ሆኑ፣ እሱን እንኳ ንገረኝ” ብለው “ረሳሁት” አለኝ። ረሳሁት ይላል፤ ደምሴ። በቅናት ነው አልኩ። ቡልጋሪያ ቢሆን ኖሮ ይሰጠን ነበር፤ እሱ ያልረገጠው አገር ስለሆነ ነው አልኩ። ያልተናገርኩት ነገር የለም። ጎረቤት ወጥቶ ገላገለን። ሙዘይን ጋ ሄድኩ፤ “ጋሽ ደምሴ መጥቶ ጠፍቶብኛል ብሎ ከፈለኝ፣ ሌላ ኮፒ የለኝም” አለኝ። ስታዲየም ዙሪያ መንገድ ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ርዕሱን ሲጠይቁኝ አላውቅም፤ የባቡር ነው፣ የባሕር ነው እላለሁ። ሳቁብኝ።

ቤት ስገባ “ተገኘ?” አለችኝ። “ተገኘ” አልኳት። ሦስተኛውን ሩብ ከመደርደሪያው አነሳሁ፤ ሽፋኑ ያው የሲሚንቶ ወረቀት ነው። መሀሉን ገለጥኩና የሌለውን ማንበብ ጀመርኩ። ሴትየዋ ወይኗን ገዝታ ተመልሳ ተሳፈረች። ባቡሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ ምን እንደማደርጋቸው ስላላወቅኩ ብዙ አስኬድኳቸው። በሁለተኛው ማታ ባሕሩ ጋ አደረስኳቸው። ባሕር እኔም አይቼ አላውቅም፤ ደብረ ዘይት ያየሁትን ሐይቅ ነው አስፍቼ የሰጠኋት። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ነከረች። “ጨው ጨው ይላል?” አለችኝ ጽጌ ዓይኗን ጨፍና። “ይላል፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው” አልኳት። መስኮቱ ወደ ውሃው የሚከፈት ቤት ተከራየሁላቸው። በሰላም ኖሩ ብዬ ዘጋሁት። “ጥሩ መጽሐፍ ነው” አለች። “አንተም ጥሩ አነበብክ።” ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

በቀብሯ ቀን ደምሴ አስከሬኑን ለመሸከም ተጠጋ። አንተ አትነካትም አልኩት፣ በሰው ፊት። ድንኳን ውስጥ መጥቶ ሲቀመጥ ተነስቼ “ውጣልኝ” አልኩ። ወጣ። እድርተኛው ሁሉ ጉድ አለ፤ ሽማግሌ ተላከብኝ፣ በቄስ ተለመንኩ። ለታማሚ አንድ ሩብ ወረቀት የነፈገን ሰው ይቅር የሚል አንጀት የለኝም አልኳቸው። እነሱም ተዉኝ። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ፣ እሱም ወደዚያ፣ እኔም ወደዚህ ሆንን። ሃያ ዓመት ሙሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ዕድገት አላገኘሁ፣ ቤት አልሠራሁ፣ ልጅ አልወለድኩ። ግን ጽጌ ሳታውቅ፣ ሳትፈራ፣ ባሕር አይታ ሄዳለች። ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጀሞ ያን ደረጃ ስወጣ የሚያወጣኝ ይኼ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ልነሳ ስል ደምሴ ስኒውን ይዞ መጣ። አስተናጋጇ ልትደግፈው እጇን ዘረጋች፤ እምቢ አላት።

“ታደሰ፣ ልቀመጥ?”

“ወንበሩ የእኔ አይደለም።”

ተቀመጠ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ጀሞ ጠየቀኝ፤ የቀዘቀዘ ሻዬን አማሰልኩ። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። “አራተኛውን ሩብ የት አደረስከው?”

ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “እቤት አለ” አለኝ።

“ጠፋ አላልክም?”

“ጠፋ በል ተብዬ ነው።”

“ማን ነው እንዲህ ያለህ?”

“ጽጌ ናት።”

ልመታው ነበር። ሽማግሌ ስለሆነ አይደለም የተውኩት፤ እኔም ሽማግሌ ስለሆንኩ እጄ ስለዘገየ ነው። እሱ ቀጠለ። “አንተ ሥራ ሄደህ በመስኮቱ ጠራችኝ። ደምሴ፣ መጨረሻቸው ምንድን ነው አለችኝ። አመሌን ታውቀው የለ፣ ነገርኳት። ሴትየዋ እዚያችው ጣቢያ ላይ ትወድቃለች፣ ባሕሩን ሳታይ ትሞታለች፤ ባልየው ብቻውን ነው የሚደርሰው። ከዚያ፣ ለታደሰ እንዳትሰጠው፣ እንዲህ ያለውን ለእኔ ማንበብ አይችልም፣ ጠፋ በለው አለችኝ።”

“በሽታዋን ነገርካት ማለት ነው።”

“ኡራኤልን አልነገርኳትም። ምኑን ልንገራት? ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ሲነግርህ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች።”

ጨጓራ ከሆነስ ደግ ያለችኝን አስታወስኩ። ታክሲ ውስጥ ስለ በርበሬ ያወራነውን አስታወስኩ። “ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?” አልኩት፤ እሱን መጠየቄ ራሱ አንገበገበኝ።

“አላወቀችም ብሎ ነው ትንሽ እንኳ እንቅልፍ የሚወስደው፤ አታስደንግጠው አለችኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላም እንዳትነግረው አለች። ስድብህን ችዬ ኖርኩ። አሁን ሁለታችንም ሰባውን አለፍን፤ ይዤው መቃብር መውረድ ከበደኝ።”

“ባሕሩንስ?” አልኩት። “ባሕሩን እኮ አነበብኩላት።”

“ነግራኛለች። ሦስተኛውን ሩብ ይዞ ነው የሚያነብልኝ ብላ ሳቀች። ጣቷን ነክራ ቀመሰችው ያልካትን ደግማ ነገረችኝ። ሳቀችና…”

“ሳቀችና ምን?”

“ይቅር፣ ታደሰ።”

“ተናገር። አንተ መጨረሻ መናገር መቼ ከበደህ?”

“ፈራሁ አለችኝ። ደምሴ፣ ፈራሁ አለች። እጇን በመስኮቱ አወጣችልኝ፤ ያዝኳት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ አንተ ስትወጣ፣ ትጠራኝ ነበር።”

ተነሳሁ። የሻይህን ልክፈል አለኝ፤ አትከፍልም አልኩት። እጁን ዘረጋልኝ፤ አልጨበጥኩትም። አውቃለሁ፣ ይኼን የምታነቡ “በል እንግዲህ አሁንስ ይቅር በለው” ትሉ ይሆናል። አልልም። ያ እጅ የእኔ መሆን ነበረበት። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሰልፉ ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት ግን እሱን አይደለም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስንቱን አገር አነበብኩላት፤ ሚስቴ ግን ፈራሁ ለማለት እኔ ሥራ እስክሄድ ትጠብቅ ነበር።